የፋክስ መኪና አባት፤ ሰዓት ሠሪው አሌክሳንደር ቤይን

በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ከስልኩ ቁጥር ቀጥሎ የፋክስ ቁጥር ተጽፎ መገኘቱ ለአንባብያን እንግዳ ነገር አይደለም። የፋክስ መኪና የሌለውም ሰው ቢሆን በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ማናቸውንም የኢሜይል መልእክት እንደሚጽፍ አድርጎ ደብዳቤውን ወደ ሌላ ሰው የፋክስ መኪና ሊልክ፣ ለእርሱም የተላከለትን ፋክስ በኢሜይሉ ሣጥን ሊቀበል ይችላል። ይህን የሚያይ ሰው ፋክስ የተባለው ነገር ስልክ በዓለም ላይ ከተስፋፋ በኋላ የመጣ የቅርብ ጊዜ ብልሃት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ጽሑፍንና ሥዕልን በሽቦ አሻግሮ በሩቅ አገር ባለ ወረቀት ላይ የማሳረፍ ሐሳብ በሕግ መዝገብ የተጻፈው በ1843 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ስልክ ከመምጣቱ 33 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው የዩኒቨርሲቲ ሊቅ ወይም ባለጸጋ ነጋዴ አልነበረም፤ የጭሰኛ ልጅ የሆነ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ እናወጋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይወቁልን።

አሌክሳንደር ቤይን በ1810 ዓ.ም. በእስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኬትነስ በተባለው ነፋሻ አውራጃ፣ ዋተን በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ በተከራየው ጥቂት መሬት የሚተዳደር ገበሬ ነበረ። እናቱ እርሱን የወለደችው ማርጋሬት ከምትባል መንትያ እኅቱ ጋር ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ በጠቅላላው ስድስት ወንድሞችና ስድስት እኅቶች ነበሩት። ይህን ያህል አፍ የሚጠብቀው ገበሬ ልጁን ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት ለመስደድ አቅም እንደማይኖረው የታወቀ ነው። ልጁም በትምህርቱ እምብዛም የተመሰገነ አልነበረም ይባላል፤ እጁ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ልቡም በሰዓት ላይ ነበረ። ስለዚህ ዊክ በምትባለው የወደብ ከተማ ለሚኖር አንድ ሰዓት ሠሪ ሙያ ተማሪ ሆኖ ተሰጠ።

በ1830 ዓ.ም. ቱርሶ በተባለችው ከተማ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ ንግግር የሚያደርግ ሰው መምጣቱን ሰማ። የመግቢያው ዋጋ አንድ ፔኒ ነበረ። ወጣቱ ቤይን በዚያ የብርድ ወራት በእግሩ ተጉዞ ንግግሩን ሰምቶ ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ነገሩን ሲነጋ ሳይረሱት አይቀሩም፤ በዚህ ልጅ ልብ ውስጥ ግን የሰዓት ጥርስና የኤሌክትሪክ ኃይል ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ተጋቡ።

የሙያ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ኤዲንብራ፣ ከዚያም በ1837 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄደ። በለንደን የሰዓት ሠሪዎች ሠፈር በሆነው በክለርከንዌል በቀን ሙያተኛነት ተቀጠረ። ቀን ቀን የሰው ሰዓት እየሠራ፣ ማታ ማታ ደግሞ ለሕዝብ የሳይንስ ንግግር ወደሚደረግባቸው አዳራሾች እየሄደ ስለ ኤሌክትሪክ ይማር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ፔንዱለሙ፣ ማለትም ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው የሰዓቱ ክብደት፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚነዳ ሰዓት አሰበ። አንዱ ዋና ሰዓት በሽቦ አማካይነት ብዙ ሌሎች ሰዓቶችን አብሮ ሊያስኬድ እንደሚችልም ተረዳ። ሐሳብ እንጂ ገንዘብ ግን አልነበረውም።

በ1840 ዓ.ም. የአንድ የሙያ መጽሔት ባልደረባ ቤይንን በኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ከሆነው ከታዋቂው ቻርልስ ዊትስቶን ጋር አስተዋወቀው። ዊትስቶን በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ነገር ሲነሣ ስሙ አብሮ የሚነሣ ሰው ነበረ። ቤይንም በሙሉ እምነት የሠራቸውን ናሙናዎች፣ የኤሌክትሪክ ሰዓቱን ጭምር፣ ከፊቱ አስቀመጠለት። ፕሮፌሰሩ ናሙናዎቹን ከመረመረ በኋላ ነገሩ ወደ ፊት የማይራመድ መሆኑን ገልጾ፣ ከእንግዲህ በከንቱ እንዳይደክምበት መከረው። ሦስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር ወር፣ ዊትስቶን ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የሊቃውንት ማኅበር ፊት ቀርቦ የኤሌክትሪክ ሰዓት አሳየ፤ የራሱ ፈጠራ መሆኑንም ተናገረ።

አንድ ድኻ ሰዓት ሠሪ በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ ይችላል? ቤይን ግን የሰዓት ሠሪ ጥንቃቄ ነበረውና፣ ባርዋይዝ ከሚባል የታወቀ ሰዓት ሠሪ ጋር ሆኖ የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አስቀድሞ አመልክቶ ነበረ። የመብቱ ደብዳቤም በጥር ወር 1841 ዓ.ም. ወጣለት። ዊትስቶን ይህንና ሌሎቹን መብቶቹን ለማሰረዝ ቢሞክርም አልተሳካለትም። ነገሩ የለየለት ከአምስት ዓመት በኋላ ነበረ። በ1846 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍ ኩባንያ በሕግ እንዲቋቋም ጥያቄው ለእንግሊዝ ፓርላማ ሲቀርብ፣ የመኳንንቱ ምክር ቤት ቤይንን ምስክር አድርጎ ጠራው። የገበሬው ልጅ በመኳንንቱ ፊት ቆሞ ታሪኩን ተናገረ። መኳንንቱም ቃሉን ከሰሙ በኋላ ኩባንያው ከሰዓት ሠሪው ጋር ሳይስማማ ሕጉ እንደማያልፍ ታወቀ። በስምምነቱም መሠረት እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ገንዘብ እንዲከፈለውና በሥራ አስኪያጅነት እንዲቀጠር ሆነ፤ ዊትስቶንም ኩባንያውን ተወ።

እኛ እንደሚመስለን ዊትስቶንን ሌባ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ትልቅ ሊቅ ነበረ። ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርት የሚያውቁት፣ በስሙ የዊትስቶን ድልድይ የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ የሌላ ሰው፣ የሳሙኤል ክሪስቲ ሐሳብ መሆኑን ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ለእኩያው ለሊቁ ክብሩን የሰጠ ሰው ለሙያተኛው መንፈጉ ነው የሚያስገርመው። ምናልባት በዚያ ዘመን በእጁ የሚሠራ ሰው የፈጠራ ባለቤት ይሆናል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከባድ ነበረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በዊትስቶንና በቤይን መካከል ያለው ክርክር ገና ሳያበቃ፣ በግንቦት ወር 1843 ዓ.ም. ቤይን ሌላ የመብት ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው ስለ ኤሌክትሪክ ሰዓትና ስለ ቴሌግራፍ ማሻሻያ የሚናገር ሲሆን፣ ከመካከሉ አንድ እንግዳ ሐሳብ ይገኝበታል፤ ይኸውም በአንድ ከተማ ያለውን ጽሑፍ መልኩን እንዳለ በሌላ ከተማ የመገልበጥ ብልሃት ነው። ቴሌግራፍ በዚያን ጊዜ ፊደልን አንድ በአንድ በምልክት እየለወጠ ያስተላልፍ ነበር እንጂ የጽሑፉን መልክ አያስተላልፍም ነበር። የቤይን መኪና ግን ፊደሉን አያውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የሚያየው ጥቁሩንና ነጩን ብቻ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ሸማኔን ማሰብ ይበቃል። ሸማኔ የጥበቡን አበባ ወይም መስቀል በአንድ ጊዜ አይሥለውም፤ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ አንድ ድር ላይ አንድ ማግ ሲጨምር፣ በመጨረሻ ሥዕሉ ራሱ ብቅ ይላል። ቤይንም ገጹን በቀጫጭን መስመሮች ከፋፈለው። በላኪው በኩል የብረት ፊደሎች ይደረደራሉ፤ በላያቸውም እርስ በርስ በማይነካኩ አጫጭር ሽቦዎች የተሞላ ክፈፍ ይጫናል። ከፔንዱለም ጋር የታሰረ ሹል ብረት በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ይንሸራተታል። ሹሉ ብረት ከታች ፊደል የነካውን ሽቦ ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ባዶ ቦታ ያለውን ሲያገኝ ይቋረጣል። በተቀባዩም በኩል እንደዚሁ ያለ ፔንዱለምና ሹል ብረት አለ፤ እርሱ ግን የሚንሸራተተው ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ በተባለና በሌላ ጨው በተነከረ ርጥብ ወረቀት ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ባለፈ ቁጥር ወረቀቱ በሰማያዊ ቀለም ምልክት ይደረግበታል። ፔንዱለሙ አንድ ጊዜ ሲወዛወዝ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ክፈፉም በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ እያለ ገጹ ያልቃል።

የነገሩ ምስጢር ያለው በኬሚካሉ ወይም በሽቦው አይደለም። ሁለት ሸማኔዎች፣ አንዱ በአንድ ከተማ፣ ሁለተኛው በሌላ ከተማ ሆነው፣ ሳይተያዩ መወርወሪያቸውን እኩል በአንድ ቅጽበት መወርወር አለባቸው። አንዱ በጥቂቱ ቢቀድም ሥዕሉ ይጣመማል፤ በብዙ ቢቀድም ከናካቴው ይጠፋል። ስለዚህ ፋክስ ማለት ከሁሉ በፊት የጊዜ ጉዳይ ነው። ሁለት ፔንዱለሞችን በሽቦ አስተሳስሮ እኩል ማስኬድን ደግሞ በዚያን ጊዜ ከቤይን የበለጠ ያሰበበት ሰው አልነበረም። ሊቃውንቱ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስቡ፣ ይህ ሰው ስለ ሰዓት በማሰቡ ፋክስን አገኘ።

ከታሪኩ ጥቂት ወጣ ብለን፣ በመጀመሪያ የጠቀስነው የኢሜይል ፋክስ ከዚህ አሮጌ መኪና ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንመልከት። በ1980 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት ኮሚቴ የፋክስ መኪናዎች ሁሉ የሚግባቡበትን ደንብ ሲያወጣ፣ የተራ ወረቀት ስፋት ያለው እያንዳንዱ መስመር በ1,728 ነጥቦች እንዲከፈል ወሰነ። እያንዳንዷም ነጥብ ጥቁር ወይም ነጭ ናት፤ ይህ የቤይን መስመር ነው። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ካርል ማላሙድና ማርሻል ሮዝ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ሙከራ ጀመሩ። በልዩ ልዩ ከተማ የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸውን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝተው፣ ከሩቅ አገር በኢሜይል የመጣውን ደብዳቤ በየከተማቸው ወዳለው የፋክስ መኪና በአጭር ርቀት የስልክ ጥሪ ያደርሱ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ይኸው ነገር ቲ.37 በተባለ ዓለም አቀፍ ደንብ ተጻፈ።

ላኪው የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። በኢሜይሉ የአድራሻ ቦታ ላይ በሰው ስም ፈንታ የተቀባዩን የፋክስ ቁጥር፣ ከእርሱም ቀጥሎ አገልግሎቱን የሚሰጠውን ድርጅት አድራሻ ይጽፋል፤ ደብዳቤውንም ያያይዛል። መልእክቱ በመካከል ወዳለ አንድ ኮምፒዩተር ይደርሳል። ይህም ኮምፒዩተር ደብዳቤውን እንደ ፎቶግራፍ ወደ ነጥቦች ገጽ ይለውጠውና ቁጥሩን ይደውላል። ሁለቱ መኪናዎች በስልኩ ውስጥ እያፏጩ በፍጥነታቸውና በአሠራራቸው ከተስማሙ በኋላ ገጹ መስመር በመስመር ይሄዳል። በሚቀበሉበትም ጊዜ ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መካከለኛው ኮምፒዩተር ስልኩን አንሥቶ መስመሮቹን ሰብስቦ ገጽ ካደረጋቸው በኋላ ከኢሜይል ጋር አያይዞ ለባለቤቱ ይሰዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ኢሜይሉ ሄደ ማለት ፋክሱ ደረሰ ማለት አይደለም፤ የተቀባዩ መስመር ተይዞ ወይም ወረቀቱ አልቆ ሊሆን ይችላል። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው መድረሱን የሚያረጋግጠው መልስ ተመልሶ እስኪመጣለት ድረስ ኮምፒዩተሩን ባይዘጋ ይሻላል። ገጹ ከመላኩ በፊት ሁለቱ መኪናዎች እርስ በርስ የሚማከሩበት ያ ፉጨት፣ የቤይን ሁለቱ ፔንዱለሞች እኩል እንዲወዛወዙ የተደከመበት ድካም ዘመናዊ መልክ ነው።

ቤይን ራሱ ግን ይህን መኪናውን ለሕዝብ አገልግሎት አላበቃውም። ሩቅ ለሩቅ ያሉትን ፔንዱለሞች ሳይዛነፉ ማስኬድ በጽሑፍ እንደሚነበበው ቀላል አልነበረም፤ እርሱም ቶሎ ወደ ሌላ ሥራ የሚያዘነብል ሰው ነበረ። ፍሬደሪክ ቤክዌል የተባለ እንግሊዛዊ በ1848 ዓ.ም. በፔንዱለም ፈንታ በሚሽከረከር በርሜል የሚሠራ መኪና አስመዝግቦ በ1851 ዓ.ም. በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። ከእርሱም በኋላ ጆቫኒ ካዜሊ የተባለ ኢጣሊያዊ ቄስ ፓንቴሌግራፍ ያለውን ግዙፍ መኪና ሠርቶ በንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ድጋፍ በ1865 ዓ.ም. በፓሪስና በሊዮን ከተሞች መካከል ለሕዝብ አገልግሎት አስከፈተ። የካዜሊም መኪና የሚሄደው በፔንዱለም ነበረ።

በ1846 ዓ.ም. ቤይን በኤዲንብራና በግላስጎ መካከል፣ 46 ማይል ያህል ርቀት ላይ፣ የአንዱ ከተማ ፔንዱለም የሌላውን ከተማ ሰዓት በባቡሩ የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲነዳ አድርጎ ብዙ ሰው አስደንቋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ኬሚካል ቴሌግራፍ የተባለውን አስመዘገበ። ምልክቶቹ አስቀድመው በረጅም የወረቀት ጥብጣብ ላይ ይበሳሉ፤ ጥብጣቡ በመኪናው ውስጥ በፍጥነት ያልፋል፤ በሌላው ጫፍም በመድኃኒት የተነከረ ወረቀት ምልክቱን ይቀበላል። በፈረንሳይ አገር በፓሪስና በሊል መካከል በሊቃውንትና በሕዝብ እንደራሴዎች ኮሚቴ ፊት በተደረገው ሙከራ 282 ቃላት በ52 ሴኮንድ ተላለፉ። በዚያ ዘመን የሞርስ ቴሌግራፍ በደቂቃ ያስተላልፍ የነበረው 40 ቃላት ያህል ነበረ።

የዚህ ሰው ኑሮ የተበላሸው ታዲያ ከዚህ ታላቅ ሥራ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። ኬሚካል ቴሌግራፉን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም ሳሙኤል ሞርስ ተቃወመው፤ የመብት ጽሕፈት ቤቱም ከለከለው። ቤይን ይግባኝ ብሎ በ1849 ዓ.ም. በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ረታ፤ የቤይን መስመር የተባሉ የቴሌግራፍ ሽቦዎችም ከኒውዮርክ ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ተዘረጉ። ነገር ግን በ1851 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ሌላ ፍርድ ቤት ለሞርስ ወገን ፈረደ፤ በጥቂት ጊዜም ውስጥ የቤይን መስመሮች ከሞርስ መስመሮች ጋር ተቀላቅለው ስማቸው ጠፋ። ከኩባንያው ያገኘው ገንዘብ የገሚሱ ባላደረገለት ንግድ፣ የገሚሱ በጠበቃና በሙግት አለቀ። እኛ ይህን ታሪክ ስንመለከት ጥፋቱ ሁሉ የሌሎች ነው ማለት አንደፍርም። በመጀመሪያው ክርክር መርታቱ ሳይጎዳው አልቀረም፤ ሰው አንድ ጊዜ በፓርላማ ፊት እውነቱ ከታወቀለት በኋላ በየፍርድ ቤቱም እንደዚያው የሚሆን እየመሰለው ይሄዳል። መኪናውን በማሻሻል ሊያሳልፈው የሚችለውን ዕድሜ በሙግት አሳለፈው።

ካዜሊ በፓሪስ በንጉሠ ነገሥት ሲከበር ቤይን ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፎ ነበረ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ በግላስጎ ከተማ እንደ ወጣትነቱ ጊዜ የሰው ሰዓት እየጠገነ ሲኖር ተገኘ። በዓለም የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ሰዓት ያስመዘገበ ሰው ለዕለት እንጀራው የቆመ ሰዓት እየፈታ ይገጥም ነበር። ይህን የሰሙ ታላላቅ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሰር ዊሊያም ቶምሰንና ዊሊያም ሲመንስ፣ አዘኑለት። ከሮያል ሶሳይቲ 150 ፓውንድ ተሰጠው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ደግሞ በ1873 ዓ.ም. በየዓመቱ 80 ፓውንድ ጡረታ ፈቀዱለት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዊትስቶን የራሱ አድርጎ ባቀረበው ሰዓት የተደነቀው ያው ማኅበር፣ አሁን ለእውነተኛው ባለቤት የርዳታ ገንዘብ ሰጠ። ዊትስቶን ግን አስቀድሞ ሰር ተብሎ የማዕረግ ስም አግኝቶ ነበር።

ቤይን በመጨረሻ እግሮቹ አልታዘዝ ስላሉት በግላስጎ አጠገብ ከርኪንቲሎክ በምትባለው ከተማ፣ ብሩምሂል ወደተባለው የማይድኑ በሽተኞች መኖሪያ ገባ። በዚያም በጥር 2 ቀን 1877 ዓ.ም. ዐረፈ። ስልክ በአሜሪካ የመብት ደብዳቤ ካገኘ ገና አንድ ዓመት አልሞላም ነበር፤ ፋክሱ አንድ ቀን በዚያ ስልክ መስመር እንደሚሄድ ቤይን ሳያውቅ ሞተ። የተቀበረው በዚያችው ከተማ መካነ መቃብር ነው። የመቃብሩ ድንጋይ በዕድሜ ብዛት ተጎድቶ ኖሮ በ1959 ዓ.ም. ታደሰ። በኤዲንብራም ይሠራበት በነበረው በሀኖቨር መንገድ ላይ ስሙ በግድግዳ ተጽፎለታል።

ሥዕልን በመስመር ከፋፍሎ የማስተላለፍ ሐሳቡ ከፋክስ አልፎ የቴሌቪዥንም መሠረት ሆኗል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የቴሌቪዥን አካዳሚ ኤሚ የተባለውን የቴክኖሎጂ ሽልማት በስሙ ሰጠ፤ ይህም የሆነው ከሞተ ከ139 ዓመት በኋላ ነው።